ፈረስና አፍራስ፦ የዶሃ ስሞች በአማርኛ ጆሮ

በዶሃ ሜትሮ ቀይ መስመር ከምሸይረብ ተሳፍሮ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው «አድ-ዶሃ አል-ጀዲዳ» ነው፤ አዲሷ ዶሃ። ኡም ጉወይሊናን ካለፈ በኋላ «አል-መጣር አል-ቀዲም» ይመጣል፤ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ። በአረንጓዴው መስመር ላይ ደግሞ «አር-ረያን አል-ቀዲም» አለ፤ አሮጌው ረያን። ተሳፋሪው ስሞቹን ቀና ብሎ አይቶ ይወርዳል፣ መንገዱንም ይቀጥላል። አረብኛ መማር ለሚሻ ሰው ግን እነዚህ ሦስት የጣቢያ ስሞች መማሪያ መጽሐፍ ላይ ሁለት ሦስት ምዕራፍ የሚፈጅ ትምህርት ይዘዋል።

ዶሃ በአረብኛ ሴት ናት፤ ስለዚህ ቅጽሏም በሴት ጾታ «ጀዲዳ» ሆነ። መጣር ወንድ ነው፤ ረያንም እንዲሁ፤ የእነሱ ቅጽል «ቀዲም» ብሎ በአጭሩ ይቆማል። ሁለተኛው ነገር «አል» ነው። አማርኛ «አሮጌው ማረፊያ» ሲል ያችን «-ው» የሚሰቅላት ቅጽሉ ላይ ብቻ ነው፤ ስሙ ባዶውን ይቀራል። አረብኛ ለሁለቱም ይሰጣል፤ «ማረፊያው አሮጌው» እንደ ማለት ነው። ሦስተኛው የሚሰማው በጆሮ ብቻ ነው። «አል» ከ«ረ» ፊት ሲመጣ ለ ይዋጥና «አር-ረያን» ይሆናል፤ ከ«ደ» ፊት «አድ-ዶሃ»፣ ከ«ሰ» ፊት «አስ-ሰድ»። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን አያሳይም። ሰሌዳው ላይ «አል ሰድ» የሚለውን ያነበበ ሰው ለታክሲ ነጂ እንደ ተጻፈው ቢጠራለት ነጂው መረዳቱ አይቀርም፤ የተጠራው ግን አገሬው እንደሚጠራው አይደለም።

ባቡሩ ራሱ ሌላ ስም ተሸክሟል። ሜትሮው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ሲሆን፣ የፊቱ ቅርጽ በፈረስ አምሳል የተነደፈ በመሆኑ ንድፉ «አል-ፈረስ» ተብሏል። ይህን ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ መተርጎም አያስፈልግም። ይበልጥ የሚገርመው ብዙ ቁጥሩ ነው። አረብኛ አንዱን «ፈረስ»፣ ብዙውን «አፍራስ» ይላል። ግዕዝም አንዱን «ፈረስ»፣ ብዙውን «አፍራስ» ይላል። አንዲት ፊደል እንኳ አይለያያቸውም።

ዶሃና ዙሪያዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ የሚነዱ፣ የሚጠብቁ፣ ሆስፒታልና ሆቴል ውስጥ የተቀጠሩ። አብዛኞቹ አረብኛን የለመዱት ከመምህር ፊት ተቀምጠው አይደለም። ቋንቋው የተለቀመው ከኩሽና፣ ከመኪና ውስጥ፣ ከሱቅ ደጃፍ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ አረብኛ አፍ መፍቻቸው ካልሆነ ከህንድ፣ ከኔፓል፣ ከባንግላዲሽና ከፊሊፒንስ ከመጡ ባልደረቦች ጋር ሲነጋገሩ ነው። አሠሪዎችም ቢሆኑ ለውጭ ሰው ሲናገሩ ቋንቋቸውን ሆን ብለው ያሳጥሩታል። ከዚህ ሁሉ መሐል የተወለደውን አነጋገር የቋንቋ አጥኚዎች የባሕረ ሰላጤው ፒጂን አረብኛ ይሉታል። ጄ. አር. ስማርት የተባለው አጥኚ ስለ እሱ የመጀመሪያውን ዘገባ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ስም የሚባለው ነገር ልብሱን ተገፏል። «አል» የለም። ወንድና ሴት የለም። ብዙ ቁጥር ከስንት አንዴ ካልሆነ አይሰማም፤ አንድም ይሁን አሥር ቃሉ ያው ነው። ሰው ሲቆጠር «ነፈር» የሚል ቃል ይገባል፤ «ኸምሳ ነፈር» ሲባል አምስት ሰው ማለት ነው። ግሱም «ፊ» እና «ሰዊ» በሚሉ ሁለት ትንንሽ ቃላት እየተደገፈ ይሄዳል። ሥራ ያሠራል፤ ገበያ ያገባል፤ ሐኪም ቤት ያደርሳል። ይህን ቋንቋ ማንም ሊንቀው አይገባም፤ ስድስትና ሰባት አገር ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚግባቡበት ነው። ነገር ግን ይህ አነጋገር ከሁሉ በላይ የጣለው ነገር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከብዙዎቹ የዶሃ የውጭ አገር ሠራተኞች ቀድሞ ሊያውቀው የሚችለው ነገር ነው፤ የስምን አበዛዝ።

የአረብኛ መማሪያዎች ብዙ ቁጥርን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ደኅነኛው ነው፤ ቃሉ ሳይነካ መጨረሻው ላይ ይጨመርለታል። ሰዓት፣ «ሳዓ» የምትባለው፣ «ሳዓት» ትሆናለች፤ እኛም «ሰዓት» ብለን «ሰዓታት» እንላለን። ሁለተኛውን የአረብ ሊቃውንት «ጀምዕ አት-ተክሲር» ይሉታል፤ ሰብሮ ማብዛት። ቃሉ ከውስጥ ይፈርስና በሌላ ዜማ ይገነባል። አውሮፓዊው ተማሪ እዚህ ሲደርስ ይጨንቀዋል፤ እያንዳንዱን ቃል ከነብዙ ቁጥሩ በቃል ያዝ ይባላልና። «ቤት» ሲባል «ቤቶች» ብሎ የሚያበዛ የአማርኛ ተናጋሪም መጀመሪያ እንደዚያው የሚጨነቅ ይመስለዋል።

ግን አይደለም። መጻሕፍት፣ ከዋክብት፣ መላእክት፣ ነገሥታት፣ ሊቃውንት፣ መሳፍንት፣ ደናግል፣ አድባር የሚሉትን ቃላት በሬዲዮም በስብከትም በትምህርት ቤትም እየሰማ ያደገ ሰው ተሰብሮ የበዛ ስምን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ያወቀው በአማርኛ ሕግ ሳይሆን ግዕዝ አማርኛ ውስጥ ትቶት በሄደው ቅርስ ነው። መድረሳ የገባውም ከሌላ በኩል ያው ሀብት አለው፤ «ዓሊም» ብሎ «ዑለማ» ማለት ያውቃል። ቅርሱ ከመለመዱ የተነሣ አንዳንዴ ብዙነቱ ይረሳና «መላእክቶች»፣ «ዑለማዎች» እየተባለ በብዙ ላይ ብዙ ይደረባል። ይህ ስሕተት ተብሎ ይነቀፋል፤ ሆኖም የሁለት ዘመን አበዛዝ በአንድ ቃል ላይ ተገናኝቶ ሲታይ ደስ የሚል ነገር አለው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት የሚረዳው መሣሪያ ደግሞ እጃችን ላይ ነው፤ ሀሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያለ ድምፅን በቤት በቤቱ ከፍሏል። የአረብኛ የተሰበረ ብዙ ቁጥር የሚሠራውም እንደዚህ ነው፤ ተነባቢዎቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ቤታቸውን ይቀይራሉ።

ከኩሽና እንጀምር። ሳህን በአረብኛም «ሰሐን» ነው። ሲበዛ «ሱሑን»፤ ካዕብ፣ ካዕብ፣ ሳድስ። ይህን ዜማ ያዙና ወደ ሌላ ቃል ሂዱ። በይት፣ ቤት ማለት ነው፣ «ቡዩት» ይሆናል። ባንክ «ቡኑክ»። ዓይን «ዑዩን»። ከአውሮፓ የመጣው ባንክና ከጥንት ጀምሮ የነበረው ዓይን በአንድ ዜማ ይበዛሉ፤ ቃሉ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቀው የለም። በሰው አፍ ላይ ሲሰማ አናባቢው ጠበብ፣ አጠር ሊል ይችላል፤ ዜማው ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው ዜማ የባቡሩ ነው። «አ» ከፊት ይቆማል፤ ከዚያ ሳድስ፣ ራብዕ፣ ሳድስ። ፈረስ፣ አፍራስ። ቀለም፣ ብዕር ማለት ነው፣ አቅላም። ፊልም፣ አፍላም። ሱቅ፣ አስዋቅ። የዶሃው ታዋቂ ገበያ ሱቅ ዋቂፍ፣ የቆመው ገበያ፣ አንድ ስለሆነ ሱቅ ነው፤ ሌሎቹ ሲጨመሩ አስዋቅ ይሆናሉ። በግዕዝ ደብር አድባር እንደሚባለው ነው። ግዕዝ ለቤትም ይህንኑ ዜማ ይጠቀማል፤ «አብያት» ይላል። አረብኛም «አብያት» የሚል ብዙ ቁጥር አለው፤ እሱ ግን የሚውለው ለግጥም ስንኝ ነው፤ «በይት» ቤትም ስንኝም ነውና፣ ቤቶቹ ቡዩት፣ ስንኞቹ አብያት ተብለው ተለያዩ። ግጥም «ቤት መታ»፣ «ቤት ደፋ» የሚል ሕዝብ ለዚህ ማብራሪያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 2022 የዓለም ዋንጫ የተከፈተበት፣ በአል-ኾር ያለው የድንኳን ቅርጽ ስታዲየም ስሙ «አል-በይት» ነው፤ ስሙ የተወሰደው ዘላኖች ከሚኖሩበት የፀጉር ድንኳን ነው።

ሦስተኛው ዜማ ረጅሙ ነው፤ አራት ተነባቢ ላላቸው ስሞች ይሆናል። ግዕዝ፣ ራብዕ፣ ሣልስ፣ ሳድስ። ከውከብ፣ ኮከብ ማለት፣ «ከዋኪብ»። መስጂድ «መሳጂድ»። ፍንጃን «ፈናጂን»፤ እኛ ፍንጃል የምንለው ነው፣ በባሕረ ሰላጤውም አፍ ላይ «ፍንጃል» ሲባል ይሰማል። የግዕዙ ከዋክብት፣ መናብርት፣ መሳፍንት የሄዱበት መንገድ ይኸው ነው፤ ግዕዝ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ «ት» ይጨምራል፣ አረብኛ በአብዛኛው አይጨምርም። የኳታር ሰዎች በዚህ ዜማ ምን እንደሚሠሩ ማየት ይገባል። መኪናን «ሞተር» ይላሉ፤ ከእንግሊዝኛ የተዋሱት ነው። ሲያበዙት «መዋቲር»! የፋብሪካ ቃል መጣና ከከዋክብት ጋር በአንድ ቅኝት ተዜመ። መስኮትን ከፋርስ በመጣ ቃል «ድሪሻ» ይሉታል፤ መስኮቶች «ደራይሽ» ናቸው። አንዲት የቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ የምትወለውለውን መስታወት ስም ከነብዙ ቁጥሩ ስትሰማ ኖራ፣ ከመላእክትና ከመጻሕፍት ጋር አንድ ዜማ መሆኑን የሚነግራት ሰው ላታገኝ ትችላለች።

ይህ ዝምድና የአጋጣሚ አይደለም። ግዕዝና አረብኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ከዚያም በላይ ባሕር ተሻግረው ሲዋዋሱ ኖረዋል። ቴዎዶር ኖልደኬ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1910 ባሳተመው ጥናት ከግዕዝ ወደ አረብኛ ገቡ ያላቸውን ቃላት ዘርዝሯል። ሐዋርያ አንዱ ነው፤ ቁርኣን የኢየሱስን ደቀ መዛሙርት የሚጠራበት «ሐዋሪዩን» ከዚህ የመጣ ነው። የቁርኣን አምስተኛው ሱራ ስም «አል-ማኢዳ» ከግዕዙ ማእድ ጋር ይያያዛል። ኢትዮጵያዊው ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደግሞ ኢየሩሳሌም ለብዙ ዓመታት ኖረው በጻፉት፣ ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግዕዙን ከዕብራይስጥና ከአረብኛ ጋር እያስተያዩ አስቀምጠውታል። ዶሃም በበኩሏ ትልቅ ሥራ ይዛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የዶሃ ታሪካዊ የአረብኛ መዝገበ ቃላት የእያንዳንዱን ቃል ዕድሜ ከጥንታዊ ጽሑፎች እየፈለገ ይመዘግባል፤ የመጀመሪያ ክፍሉም በ2018 በኢንተርኔት ተከፍቷል። በሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ያሉትን አቻዎችም ይመዘግባል።

የአረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ስምን የሚጠሩበት ቃል እንኳ «ኢስም» ነው። በስምንተኛው መቶ ዘመን የነበረው ሲበወይህ ንግግርን በሦስት ሲከፍል ኢስም፣ ፊዕል፣ ሐርፍ ብሎ ነው። የግዕዙ «ስም» ብዙ ቁጥር «አስማት» ነበር፤ ስሞች ማለት። በክታብ ላይ የሚደረደሩት ስሞች ናቸውና ቃሉ አማርኛ ላይ ሲደርስ ጥንቆላ ሆኖ ቀረ።

የተሰበረው ብዙ ቁጥር የቅንጦት ትምህርት እንዳይመስል፣ የሠራተኛውን ሕይወት የሚነኩ ወረቀቶችን መመልከት ይበቃል። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው 15ኛው ሕግ የቤት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ በርእሱ ውስጥ «ፊ አል-መናዚል» የሚል አለ፤ «በቤቶች ውስጥ»። ነጠላው «መንዚል» ነው፤ በሦስተኛው ዜማ መናዚል ሆነ። ደመወዝ «ራቲብ» ነው፤ ሲበዛ «ረዋቲብ»። ክፍያ በሌላ ቃሉ «አጅር» ሲሆን ብዙው በመጀመሪያው ዜማ «ኡጁር» ነው፤ የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት የሚባለው አሠራር የአረብኛ ስሙ «ኒዛም ሒማየት አል-ኡጁር» ነው። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ የሚሠራበት የ1,000 ሪያል ዝቅተኛ ደመወዝም በዚሁ «ኡጁር» በሚለው ቃል ነው የሚጠራው። በነጠላ ቁጥር ብቻ አረብኛ የለመደ ሰው ራቲብን ያውቃል፤ ማስታወቂያ ላይ ረዋቲብ ወይም ኡጁር ተጽፎ ሲያይ ግን የእሱ ጉዳይ መሆኑን ሳያውቅ ያልፋል። ዜማውን የያዘ ሰው ር-ት-ብን ፈልቅቆ ያወጣል።

ሕጉ ለቤት ሠራተኛ በዓመት ሦስት ሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። ሳምንት «ኡስቡዕ» ነው፤ ከሰባት የወጣ፣ የእኛ ሱባዔ ዘመድ። ሦስት ሳምንት ሲባል «ሠላሠት አሳቢዕ» ይሆናል። እዚህ ላይ የአማርኛ ልማድ ያሳስታል። አማርኛ ከቁጥር በኋላ ስሙን ማብዛት ግድ አይለውም፤ «አሥር ቀን»፣ «ሦስት ሳምንት»፣ «አምስት ልጅ» ይበቃዋል። አረብኛ ከሦስት እስከ አሥር ብዙውን ይጠይቃል፤ ከአሥራ አንድ ጀምሮ ወደ ነጠላው ይመለሳል። አሥር ቀን «ዐሽረት አያም» ነው፤ ቀኖች። ሃያ ቀን ግን «ዒሽሪን ዮም»፤ ቀን። የበዛው ቁጥር ላይ ነጠላ፣ ያነሰው ላይ ብዙ። ምክንያቱን መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ ጆሮ እስኪለምደው መደጋገም ነው።

ሁለትን በሚመለከት አረብኛ ሌላ ሥርዓት አለው። ሁለት የሚለው ቃል አያስፈልግም፤ ስሙ መጨረሻ ላይ «-ኤን» ይጨመራል። ዮም፣ ቀን፤ ዮሜን፣ ሁለት ቀን። ሸህር፣ ወር፤ ሸህሬን፣ ሁለት ወር። በዶሃ ይህ አነጋገር በየደቂቃው ይሰማል፤ ቀጠሮና ክፍያ በሱ ይነገራሉ። ሸህርና ሸህሬንን በጆሮ አለመለየት ደግሞ አንድ ወርና ሁለት ወርን አለመለየት ነው። ግዕዝ ይህን አበዛዝ ጥንት ጥሎታል፤ አሻራው የቀረው «ክልኤ» በሚለው ቁጥር ላይ ነው፤ የአረብኛው «ኪላ»፣ ሁለቱም ማለት፣ ዘመዱ ነው።

ሱቅ ዋቂፍ ውስጥ የቴምር ነጋዴ ፊት የቆመ ሰው አንድ ሌላ ነገር ይማራል። ቴምር በጅምላው «ተምር» ነው፤ በክምርም በካርቶንም። አንዷን ፍሬ ብቻ መጠቆም ሲፈለግ «አ» ይጨመርና «ተምራ» ትባላለች፤ ሁለት ከሆኑ «ተምራቴን»። ሽንኩርት «በሰል»፣ አንዷ ራስ «በሰላ»። ዕንቁላል «ቤድ»፣ አንዷ «ቤዳ»። እመቤቲቱ ኩሽና ገብታ «በሰል» ካለች ሽንኩርት አምጪ ነው፤ «በሰላ» ካለች አንድ ራስ ብቻ። አማርኛ ይህን የሚሠራው ተጨማሪ ቃል እየጠራ ነው፤ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት ፍሬ ሎሚ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ አንድ ዘለላ ወይን።

ራስ፣ ፍሬና ዘለላ ከተነሡ ዘንድ ስለ ጃፓን ማንሳት ይገባል፤ አል-ፈረስ የተባሉትን የዶሃ ባቡሮች የሠራው የኦሳካው ኪንኪ ሻርዮ ነውና። ጃፓንኛ ፈረስን «ኡማ» ይላል። አፍራስንም «ኡማ» ይላል። ወንድ ሴት፣ አንድ ብዙ፣ የታወቀ ያልታወቀ የሚል ምልክት ስሙ ላይ አይለጠፍም። «ሂቶ»፣ ሰው፣ ተደግሞ «ሂቶቢቶ» ሲባል ሰዎች እንደሚሆነው ያሉ ጥቂት ቃላት አሉ፤ ሕግ ግን አይደሉም። ብዛት ካስፈለገ ቁጥር ይመጣል፤ ቁጥሩም ብቻውን አይቆምም፤ እንደ ነገሩ ዓይነት የመቁጠሪያ ቃል ይከተለዋል። ሦስት ትልልቅ እንስሳ «ሳንቶ»። ሦስት ሰው «ሳንኒን»። ሦስት የባቡር ፉርጎ «ሳንርዮ»፤ የዶሃ ሜትሮ ባቡርም ሦስት ፉርጎ ነው። ለረጃጅም ነገር አንድ መቁጠሪያ፣ ለስስና ጠፍጣፋ ሌላ፣ ለመጽሐፍ ሌላ። ኢትዮጵያዊው «ራስ ሽንኩርት» ሲል፣ የዶሃ ታክሲ ነጂ «ከም ነፈር?» ብሎ ስንት ሰው እንደሆኑ ሲጠይቅ የሚሠሩት ሥራ ከዚህ ጋር ዘመድ ነው። ብዙ ሕዝብ ተገናኝቶ የፈጠረው የዶሃ አረብኛ፣ ብዙ ቁጥሩን ሲጥል መቁጠሪያ ቃል አበጀ።

ለአማርኛ ተናጋሪ ጃፓንኛ የሚቀለው በሌላ በኩል ነው፤ በአደራደር። «የዶሃ ጣቢያ» በጃፓንኛ «ዶሃ ኖ ኤኪ» ነው፤ «ኖ» የእኛን «የ» ሥራ ይሠራል፤ ዶሃ ይቀድማል፣ ጣቢያ ይከተላል። ግሱም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። አረብኛ በተቃራኒው «መሐጠት አድ-ዶሃ» ይላል፤ ጣቢያ መጀመሪያ። ይህም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ ክርስቲያን የምንለው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ተያዡ ይቀድማል፣ የቅኔው ቤት ዘርፍ የሚለው ባለንብረቱ ይከተላል። የኳታር ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የአረብኛ ስሙ «መክተበት ቀጠር አል-ወጠኒያ» ነው፤ ፊተኛው ቃል «መክተባ» ነበር፣ ዘርፍ ሲከተለው «ት» ወጣችለት፤ በእኛ «ቤት» ዘርፍ ሲያገኝ «ቤተ» እንደሚሆነው ማለት ነው።

ጾታ ላይ ግን እውነተኛ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአማርኛ የዕቃ ጾታ የተናጋሪው ስሜት ነው። ያው መኪና ሲወደድ ወይም ሲያንስ «መኪናዋ» ይሆናል፤ ሲተልቅ «መኪናው»። ድስቷም ድስቱም ትክክል ነው። አረብኛ ይህን ነጻነት አይሰጥም፤ ሰያራ፣ መኪና፣ ለዘላለም ሴት ናት፤ ባብ፣ በር፣ ለዘላለም ወንድ ነው። መጨረሻቸው «አ» የሆኑ ስሞች በአብዛኛው ሴት መሆናቸው ትልቅ እርዳታ ነው። ያለ ምልክት ሴት የሆኑት ጥቂት ናቸውና በቃል ይያዛሉ፤ ፀሐይ፣ ምድር፣ እሳት፣ ዓይን፣ እጅ፣ እግር። ፀሐይ በእኛም «ወጣች» ስለምትባል አታስቸግርም። ጨረቃ ግን በአረብኛ ወንድ ነው።

መማር ለፈለገ ሰው በሩ ተዘግቶበት አይደለም። ከሱቅ ዋቂፍ አጠገብ፣ ጠመዝማዛ ሚናሬው ከሩቅ በሚታየው፣ በተለምዶ ፈናር በሚባለው የእስልምና ባህል ማዕከል ውስጥ አረብኛ ለማይናገሩ ሰዎች ትምህርት ይሰጣል። አልጀዚራም፣ ስሙ ራሱ «ደሴቲቱ» ወይም «ልሳነ ምድሩ» ማለት ነው፣ አረብኛን በኢንተርኔት ያስተምራል። ትልቁ ችግር ጊዜ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን የምታርፍ ሴት ያችን ቀን ለወገን፣ ለጸሎት፣ ለስልክና ለእንቅልፍ ትከፋፍላታለች። ለእሷ የሚሆነው መማሪያ የሚጀምረው ከምታውቀው ነው፤ ሳህን ብሎ ሱሑን፣ ኮከብ ብሎ ከዋኪብ። በዶሃ ላሉ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ከግዕዝ ቅርሳቸው ተነሥቶ፣ ፊደሉን በቤት በቤቱ እያሳየ አረብኛን የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ቢዘጋጅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

አል-መጣር አል-ቀዲምን ያለፈ ባቡር ቀጥሎ ዑቅባ ኢብን ናፊዕ ይደርሳል፤ ወደ ሐመድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገነጠለው ሐዲድ የሚነሣው ከዚያ ነው። ለመስከረም አገሯ የምትገባ ተጓዥ ዕቃዋን እየገፋች ሚዛኑ ጋ ትደርሳለች። ዕቃዋ በአማርኛም ሻንጣ ነው፣ በአረብኛም «ሸንጣ»። ስንት ነው ተብላ ስትጠየቅ ቁጥር አትጠራም፤ «ሸንጠቴን» ትላለች።